የአዲስ አበባ ተሳፋሪ እንዴት ይጠናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኛ የዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች መጠይቅ ይዘን ወደ ታክሲና ወደ አውቶቡስ ሰልፍ በወጣን ቁጥር ተሳፋሪዎች ለእኛ ከመመለሳቸው በፊት ራሳቸው ይጠይቁናል፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ተራቸው ሲደርስ ንግግሩ መሐል ላይ ስለሚቋረጥ፣ በጥድፊያ ሳንመልሳቸው የቀሩትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች አቅርበናል።

«የተሳፋሪ ባህርይ» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? የምታጠኑት ጠባያችንን ነው?

አይደለም። ባህርይ የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት ንግግር ጠባይን ስለሚያስታውስ፣ ተሳፋሪው ይጋፋል ወይስ ይሰለፋል፣ ከረዳቱ ጋር ይጣላል ወይስ ይታገሣል የሚለውን የምንመዘግብ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ጥናቱ የሚከታተለው ውሳኔን ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖርና ሥራው ፒያሳ የሆነ ሰው በየማለዳው በርካታ ውሳኔዎችን ያሳልፋል፦ በስንት ሰዓት ልነሣ፣ አውቶቡስ ልጠብቅ ወይስ በሚኒባስ ታክሲ እየቆራረጥሁ ልሂድ፣ ሰልፉ ከረዘመ ልታገሥ ወይስ እስከሚቀጥለው ፌርማታ በእግሬ ላዝግም፣ ከማላውቃቸው ሦስት ሰዎች ጋር ተዋጥቼ ኮንትራት ልያዝ፣ ወይስ ዛሬስ ይቅርብኝ። እነዚህ ውሳኔዎች በሚሊዮኖች ሲባዙ የመንገዱን መጨናነቅ፣ የሥራ መግቢያ ሰዓትንና የቤት ኪራይን ሳይቀር ይነካሉ።

ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው፣ ማለትም «ይቅርብኝ» የሚለው፣ ለአጥኚ ከባዱ ነው። ያልተደረገ ጉዞ ትኬት አይቆረጥለትም፣ ወንበር አይይዝም፣ በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ከዚህ በታች በተለያዩ ጥያቄዎች ሥር ደጋግመን የምንመለስበትም ጉዳይ ይኸው ነው።

ይህንን የትራንስፖርት ቢሮው አያውቅም? ዩኒቨርሲቲ ለምን ይገባበታል?

ቢሮው ስንት አውቶቡስ እንደተሰማራ፣ በየትኛው መስመር ስንት ታክሲ በታፔላ እንደተመደበና ስንት ትኬት እንደተቆረጠ ያውቃል። ሰው ለምን እንዲህ እንደመረጠ ግን ከትኬት ላይ አይነበብም። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በነገው ጠዋት ሰልፍ ተጠያቂ ስላልሆነ ጊዜ ወስዶ «ለምን?» ብሎ ለመጠየቅ ዕድል አለው፤ ያገኘው ውጤት የማይመቻቸው ሰዎች ቢኖሩም እንኳ ማሳተም ይችላል፣ ማሳተምም ይገባዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመንገድና ትራንስፖርት ምሕንድስና ተማሪዎች፣ እንዲሁም የከተማ ፕላን ተማሪዎች፣ በዚህ ርዕስ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠራሉ። ሰልፍ ላይ የሚያገኙን አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው።

መረጃውን ከየት ታገኛላችሁ?

ይህ እንደ ከተማው ይለያያል፤ ልዩነቱም ምን ሊጠና እንደሚችል ይወስናል። ለንደን ውስጥ ተሳፋሪው ወደ ምድር ባቡር ጣቢያ ሲገባና ሲወጣ ኦይስተር የሚባለውን ካርድ ማሽን ላይ ስለሚያስነካ፣ ተመራማሪው ማንንም ሳያስቸግር፣ ከቢሮው ሳይነሣ፣ የሚሊዮኖችን ጉዞ በሰዓትና በደቂቃ ለይቶ ማየት ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ውስጥ የገባ ሰው ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲለው ብሩን በሰው እጅ አቀባብሎ ይሰጣል፣ መልሱን ይቀበላል፣ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይወርዳል፤ የጉዞው ታሪክ በዚያው ያበቃል፣ ዱካም አይቀርለትም። በስልክ መክፈል በከተማው እየተለመደ ቢመጣም፣ የትኛው ተሳፋሪ ከየት ተነሥቶ የት እንደወረደ የክፍያው ደረሰኝ አይነግረንም።

ስለዚህ የእኛ አገር አጥኚ በእግሩ መሄድ አለበት። አንዳንዱ ሰልፍ ጎን ቆሞ ይቆጥራል፤ አንዳንዱ አብሮ ተሳፍሮ የተሳፈረውንና የወረደውን በየፌርማታው ይመዘግባል፤ አንዳንዱ ቤት ለቤት እየዞረ ቤተሰቡ ትናንት የት የት እንደሄደ ይጠይቃል። እያንዳንዱ መንገድ የሚያየውና የማያየው ነገር አለው፤ በተለይ ተሳፍሮ የሚመዘግበው ሰው የሚያገኘው መሳፈር የቻለውን ብቻ ነው።

ከጎረቤት አገር የሚጠቀስ ጥሩ ምሳሌ የናይሮቢው ነው። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ፣ የአሜሪካዎቹ ኤም አይ ቲና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እንዲሁም አንድ የዲዛይን ድርጅት ተባብረው፣ ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ማታቱ የሚባሉትን ሚኒባሶች እየተሳፈሩ መስመሮቹንና ፌርማታዎቹን እንዲመዘግቡ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ካርታ ከ130 የሚበልጡ መስመሮችን የያዘ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሹፌሮቹና ረዳቶቹ በቃላቸው ብቻ የሚያውቁትን መረብ በወረቀት ላይ አሳይቷል። እንደ ለንደኑ ያለ ካርድ ለሌለው ከተማ የዚህ ዓይነቱ ሥራ መነሻ እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ መስመሩ የት እንዳለ ያሳያል፣ ሰውየው ለምን እንዳልተሳፈረበት ግን አይናገርም።

ይህን የተማርሁት ቆጣሪ ሆኜ በሠራሁበት በመጀመሪያው ክረምት ነው። መገናኛ ላይ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ወደ አራት ኪሎ በሚያስኬደው ሰልፍ ጎን ቆሜ የተሰለፈውንና የተሳፈረውን በጭረት እመዘግብ ነበር። ከጭራው አካባቢ የቆመ አንድ ጎልማሳ ሦስት ጊዜ ያህል ሰዓቱን ተመለከተ፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ የተወለወለ ጫማውን አወለቀ፣ በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ ያዘ፣ ከቦርሳው ኮንጎ ጫማ አውጥቶ አደረገና በጭቃው ላይ ወደ እንግሊዝ ኤምባሲ አቅጣጫ በእግሩ ገሠገሠ። ኮንጎውን ከቤቱ ይዞ ነው የወጣው፤ ይህ ነገር እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። የያዝሁት ቅጽ ሁለት ዓምድ ብቻ ስለነበረው፣ ለእርሱ የሚሆን ቦታ አላገኘሁም።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ያን ያህል ብዙ ናቸው?

በከተማዋ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ላይ በሰፈረው አኃዝ መሠረት፣ በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ 54 በመቶው በእግር፣ 31 በመቶው በሕዝብ ትራንስፖርት፣ 15 በመቶው በግል መኪና ነው። ከግማሽ የሚበልጠው ጉዞ በእግር የሚደረግ ከሆነ፣ ሰልፍ ላይ ያለውን ብቻ ጠይቆ «የከተማው ሕዝብ እንዲህ ይላል» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። በእግሩ ከሚሄደው መካከል መድረሻው ቅርብ የሆነለት አለ፤ ታሪፉን መክፈል ያልቻለ አለ፤ ሰልፉ ያስመረረውም አለ። እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ያልጠየቀ ጥናት በእግር መሄድን እንደ ምርጫ ቆጥሮ ያልፈዋል።

ምን ያህል ደቂቃ እንደጠበቅሁ ስትጠይቁኝ የምነግራችሁ ልክ ነው?

ለእርስዎ ልክ ነው፣ ለሰዓቱ ግን ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። ሰው ሲጠብቅ የቆየበትን ጊዜ አብዝቶ እንደሚናገር በተለያዩ ከተሞች ተረጋግጧል፤ ውሸት ሆኖ አይደለም፣ ሳያውቁ መጠበቅ ጊዜውን ስለሚያረዝመው ነው። በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አውቶቡሱ ስንት ደቂቃ እንደቀረው በስልክ የሚያሳይ አገልግሎት ሠርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናታቸው፣ መረጃው ያላቸው ተሳፋሪዎች በአማካይ 7.5 ደቂቃ እንደጠበቁ ሲናገሩ፣ የሌላቸው ግን 9.9 ደቂቃ ብለዋል። ከልዩነቱ ከፊሉ እውነተኛ ነው፤ ሰዓቱን ያወቀ ሰው ከቤቱ ዘግይቶ ይወጣልና። መረጃው በእጃቸው የሌላቸው ሰዎች ግን በሰዓት ከተለካው አስበልጠው ሲናገሩ፣ መረጃው የነበራቸው ይህን ማስበለጥ አላሳዩም።

ስለዚህ ሁለቱንም እንመዘግባለን፦ ሰዓቱ የለካውንና እርስዎ የተሰማዎትን። የተሰማዎትን የምንይዘው ለይስሙላ አይደለም። ነገ ሰልፍ ለመግባት ወይም ላለመግባት የሚወስኑት በተሰማዎት ደቂቃ እንጂ በእኛ የእጅ ሰዓት አይደለም። የሚያሳዝነው፣ ታክሲው መቼ እንደሚመጣ ተራ አስከባሪው እንኳ በማያውቅበት ሰልፍ ላይ የሚቆም ሰው ከሁሉ የረዘመውን ደቂቃ የሚጠብቅ መሆኑ ነው።

ሴቶችን ለብቻ ለይታችሁ የምትጠይቁት ለምንድን ነው?

መልሳቸው ስለሚለይ ነው። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ፌርማታዎች ላይ ሰዎች የጠበቁትን ትክክለኛ ጊዜ በቪዲዮ ለክቶ፣ ከተናገሩት ጋር አመሳክሮ ነበር። ወንበር፣ መጠለያና የመድረሻ ሰዓት ማሳያ ባለበት ፌርማታ ላይ ጊዜው አጥሮ ይሰማል፤ ባዶ ሜዳ ላይ ይረዝማል። ከሁሉም ጎልቶ የታየው ግን አካባቢው ያሰጋቸው ሴቶች ጉዳይ ነው፤ ከ10 ደቂቃ በላይ ሲጠብቁ ጊዜው ከወንዶቹ እጅግ በበለጠ ረዝሞባቸዋል።

ይህንን ወደ አዲስ አበባ ስናመጣው፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት በሌለበት የመንገድ ዳር የምትጠብቅን ሴት «ስንት ደቂቃ ጠበቅሽ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን እንደማይበቃ እንረዳለን። ከማን ጋር እንደምትመጣ፣ ከታክሲ ወርዳ እስከ ቤቷ ምን ያህል እንደምትሄድ፣ በጨለማ ላለመጓዝ ስትል የተወችው የማታ ትምህርት ወይም ሥራ ይኖር እንደሆነ መጠየቅ አለበት። በተጨማሪም የብዙ ሴቶች ጉዞ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ተብሎ አይጠቃለልም፤ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ከሥራ በኋላ ገበያ ጎራ ማለት፣ የታመመ ዘመድ መጠየቅ አለበት። መጠይቁ «መነሻ» እና «መድረሻ» የሚሉ ሁለት ክፍት ቦታዎች ብቻ ከያዘ፣ መሐል ያለው ሁሉ ይጠፋል። የሚያጠፋው ደግሞ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ነው።

አንዱን መንገድ ከለመድሁ በኋላ የማልቀይረው ለምን ይመስላችኋል?

በየቀኑ መሞከር ስለሚያስከፍል ነው። አዲስ መስመር የሞከረ ሰው ቢሳሳት ሥራ ያረፍዳል፤ ስለዚህ የተሻለ እንዳለ ቢጠረጥርም የለመደውን ይዞ ይቀጥላል። ይህን በማያሻማ መንገድ ያሳየው ከለንደን የመጣ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 የምድር ባቡር ሠራተኞች ለሁለት ቀን ሥራ ሲያቆሙ ከ270 ጣቢያዎች 171ዱ ተዘጉ፤ ብዙ ተሳፋሪዎችም ሳይወዱ በሌላ መንገድ ሄዱ። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአድማው በፊትና በኋላ ያለውን የካርድ መረጃ ሲያነጻጽሩ፣ 5 በመቶ ያህሉ አድማው ካበቃም በኋላ ወደ ቀድሞው መንገዳቸው እንዳልተመለሱ አገኙ። ለዓመታት በየቀኑ ሲመላለሱ የተሻለው መንገድ አጠገባቸው እንደነበር ያወቁት በግድ ሲሞክሩ ነው ማለት ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ የለንደን ባቡር ካርታ ርቀትን በትክክል ስለማያሳይ፣ በካርታው ላይ ሩቅ የሚመስለው ጣቢያ በመሬት ላይ ቅርብ ሊሆን መቻሉ ነው።

የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ግን ከዚህ ይለያል ብዬ አምናለሁ። የታክሲ እጥረት፣ የመንገድ መዘጋትና ሹፌሮች መስመሩን እየቆራረጡ መጫናቸው በየሳምንቱ ስለሚያስገድዱት፣ ከለንደኑ ተሳፋሪ ይልቅ ብዙ አማራጭ የሞከረ ነው። ሰልፍ ላይ «በቦሌ በኩል ዙሩ፣ ይሻላል» ብሎ ለማያውቀው ሰው የሚመክር ሰው የማይታጣውም ለዚህ ነው። ይህ እውቀት የትም አልተጻፈም፤ ጥናት ቢሰበስበው ለከተማው ትልቅ ሀብት ነው።

በአዲስ አበባ ተሳፋሪ ላይ በእርግጥ የተደረገ፣ ውጤቱ የታወቀ ጥናት አለ?

አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠውም «ይቅርብኝ» ያለውን ሰው ፈልጎ ያገኘው ይህ ጥናት ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ሳይመን ፍራንክሊን፣ ኋላም ግሩም አበበን ጨምሮ የስድስት ተመራማሪዎች ቡድን፣ ከመሐል ከተማ ርቀው የሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ተከታተሉ። አነሣሡ ቀላል ነው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ጥሩ የሥራ ማስታወቂያ የሚገኘው መሐል ከተማ በሚለጠፍበት ሰሌዳና በጋዜጣ ላይ ስለነበር፣ ዳር የሚኖር ሥራ አጥ ማስታወቂያ ለማንበብ ብቻ የታክሲ መክፈል ነበረበት። ሥራ ስለሌለው የታክሲ የለውም፤ የታክሲ ስለሌለው ሥራውን አያገኝም።

ተመራማሪዎቹ ከወጣቶቹ ለከፊሎቹ በዕጣ መርጠው የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ሰጧቸው። አሰጣጡ ብልህነት ነበረበት፤ ገንዘቡን ቤታቸው አልላኩላቸውም፣ መሐል ከተማ ወዳለ ቢሮ በአካል መጥተው እንዲወስዱ አደረጉ። ስለዚህ ብሩን የሚያገኘው የተጓዘ ብቻ ነው። በተከታዩ ትልቅ ጥናት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 29 የሆነ፣ ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቁ ከ3,000 በላይ ወጣቶች ተሳትፈዋል፤ በሳምንት እስከ 3 ቀን ይህን ድጎማ መውሰድ ይችሉ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በኩል የማመልከቻና የቃለ መጠይቅ ሥልጠና ወሰዱ፣ ችሎታቸውም ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው።

የትራንስፖርት ድጎማው ሥራ ፍለጋውን አጠንክሯል፤ በአጭር ጊዜ ውስጥም ቋሚና መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድልን ከፍ አድርጓል። ከአራት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ግን ሥዕሉ ተለወጠ። ሥልጠናውንና ምስክር ወረቀቱን ያገኙት ገቢያቸው በ20 በመቶ ገደማ ጨምሮ ሲገኝ፣ ድጎማውን የወሰዱት ላይ የገቢ ልዩነት አልታየም።

ይህን ውጤት «እንግዲያውስ የታክሲ ድጎማ ዋጋ የለውም» ብለው የሚያነቡት አሉ። እኔ አልስማማም። ጥናቱ የሚለው ታሪፍ ሰውን ከሥራ ፍለጋ እንደሚያስቀርና ታሪፉ ሲነሣለት እንደሚንቀሳቀስ ነው፤ ይህ ስለ ተሳፋሪ ባህርይ የተገኘ ጠንካራ እውነት ነው። መሐል ከተማ ከደረሰ በኋላ ቀጣሪው ችሎታውን የሚያውቅበት መንገድ ከሌለ ግን የመጓጓዣው ብር ብቻውን ዕድሜ ልክ አይዘልቅም። ሁለቱን ግኝቶች ለያይቶ አንዱን ብቻ መጥቀስ ለወጣቶቹም ለጥናቱም አይገባም።

ትራንስፖርት ለሁሉም በነጻ ቢሆንስ?

ሰው ብዙ ይጓዛል፤ መኪና ያለው ግን መኪናውን አቁሞ ይመጣል ማለት አይደለም። በቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ ለሠራተኞች በዕጣ የሁለት ሳምንት ነጻ ማለፊያ ተሰጥቶ ሲለካ ጉዞው በ12 በመቶ ያህል ጨምሯል፤ አብዛኛው ጭማሪ ግን ከሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ውጭ፣ ለመዝናናት የተደረገ ነበር። ለእኛ ከተማ የሚያስተምረው፣ ዋጋ የሚነካው ጉዞ ቀድሞ «ይቅርብኝ» ተብሎ የነበረውን መሆኑን ነው። በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ግን የጎደለው ተሽከርካሪ እንጂ የታሪፍ ቅናሽ አይደለም።

ቀላል ባቡሩን ታጠናላችሁ?

እናጠናለን። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ ድረስ በተዘረጉ ሁለት መስመሮችና በ39 ጣቢያዎች ነበር። አጥኚ እዚህ ላይ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ሐዲዱ በአብዛኛው በመንገዱ መሐል ታጥሮ ስለሚያልፍ፣ የተሳፋሪው ጉዞ የሚጀምረው ባቡሩ ውስጥ ሲገባ ሳይሆን አስፋልቱን ለማቋረጥ ሲቆም ነው። ከመጀመሪያዎቹ 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከቆሙ ወዲህ ደግሞ፣ የባቡር ተሳፋሪን ስንጠይቅ «ከባቡር ወደ ታክሲ የተመለሱት መቼ ነው?» የሚለውን ጨምረናል። ይህን የሚመልሱት ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ያሉት ናቸውና፣ ስለ ባቡሩ ለማወቅ ታክሲ ተራ መሄድ ያስፈልጋል።

ስሜና የት እንደምሄድ ለሌላ ሰው ይተላለፋል?

በሰልፍ ላይ በምንሞላው ቅጽ ስም አንጽፍም፤ ስልክ የምንቀበለው በኋላ ደውለን የምንጠይቀው ነገር ካለና እርስዎ ከፈቀዱ ብቻ ነው። ስም አለመጻፍ ግን ለብቻው በቂ ጥበቃ አይደለም። በአውስትራሊያዋ ሜልበርን እ.ኤ.አ. በ2018 ከ15 ሚሊዮን በላይ የጉዞ ካርዶች የሦስት ዓመት መረጃ፣ ስም ወጥቶለታል ተብሎ ለአንድ የመረጃ ውድድር ተሰጥቶ ነበር። የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መረጃውን ሲመረምሩ በመጀመሪያ ራሳቸውን፣ ቀጥሎም አብረዋቸው የተጓዙ ሰዎችን፣ ከዚያም በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ጉዞው የጻፈ አንድ የምክር ቤት አባልን ለይተው አገኙ። ማንም ሰው በየቀኑ በዚያው ሰዓት ከዚያው ቦታ ስለሚነሣ ሁለት ሦስት ጉዞ ስሙን እንደመጥራት ነው። በዚህ ምክንያት የመኖሪያ ሰፈርዎን እንጂ የቤት ቁጥርዎን አንጠይቅም፤ ሰዓቱንም በግማሽ ሰዓት አጠጋግተን እንጽፋለን።

መጠይቅ የያዘ ሰው ቢያስቆመኝ ምን ልጠይቀው?

ከየት ተቋም እንደመጣ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ይጠይቁት። መልስ ላለመስጠት ሙሉ መብት አለዎት፤ ጀምረው ማቋረጥም ይችላሉ፣ ምክንያት አይጠየቁም። ሰልፍዎን እንዲለቁ ከጠየቀዎት እሺ አይበሉ። ጥሩ መረጃ ሰብሳቢ ከእርስዎ ጋር እየተራመደ ይጠይቃል እንጂ ተራዎን አያስጥልዎትም።

ተሳፋሪው ራሱ ለውጥ ማምጣት ይችላል?

ይችላል፤ ማስረጃውም ከኬንያ ነው። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሹፌሩ ያለ ልክ ሲፈጥን ተሳፋሪዎች ዝም እንዳይሉ የሚያበረታቱ ተለጣፊ ጽሑፎችን በዕጣ በተመረጡ አገር አቋራጭ ማታቱዎች ውስጥ ለጠፉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ጽሑፉ በተለጠፈባቸው ተሽከርካሪዎች ላይ የአደጋ የኢንሹራንስ ጥያቄ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ወረቀቱ ሹፌሩን አልተናገረም፤ ሁሉም በልቡ የያዘውን ለመናገር የመጀመሪያው መሆን ለፈራው ሰው ፈቃድ ሰጠ። በእኛ ታክሲ ውስጥም አንድ እናት «ልጄ፣ ቀስ በል እንጂ!» ሲሉ ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ ተከትሎ ድምፁን ሲያሰማ ያየ ሰው፣ ይህ እንዴት እንደሚሠራ አይጠፋውም።

ተማሪ ነኝ፤ በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ ልሠራ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ከመጠይቁ አይጀምሩ። ከመጠይቁ በፊት አንድ ሳምንት ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል በመረጡት ሰልፍ ላይ ራስዎን እንደ ተሳፋሪ ቆጥረው ከሚቆሙት ጋር ይቁሙ፤ ተራ አስከባሪውንም ያነጋግሩት፣ ቢሮ ተቀምጠው ከሚያገኙት ሰው የበለጠ ሰልፉን የሚያውቀው እርሱ ነው። አንድ መስመር ይበቃዎታል፤ «የአዲስ አበባ ተሳፋሪ» የሚል ርዕስ ይዘው መጥተው በአንድ ፌርማታ ላይ ያሉ 200 ሰዎችን ብቻ ጠይቀው የሚመለሱ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ዝናብ ያለበትን ቀን፣ ደመወዝ የሚከፈልበትን ሳምንትና ተማሪ ቤት የተዘጋበትን ወር ለይተው ይመዝግቡ፤ ሰልፉ በእነዚህ ቀናት አንድ ዓይነት አይደለም። መጠይቁን በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞም ያዘጋጁ፤ በተለይ ከተማዋን ከሸገር ከተማ ጋር በሚያገናኙት መስመሮች ላይ ይህ ካልሆነ ናሙናዎ ከመጀመሪያው ያዘነበለ ይሆናል።

የመቁጠሪያ ቅጽዎ ላይ ደግሞ «ተሰለፈ» እና «ተሳፈረ» ከሚሉት ቀጥሎ «ጥሎ ሄደ» የሚል ሦስተኛ ዓምድ ያስገቡ፤ ለዚህም ሌላ ሥራ የሌለው አንድ ቆጣሪ ይመድቡ። ይህ ሰው መቆም ያለበት ታክሲው በሚጭንበት በሰልፉ ራስ አይደለም፤ ሰልፉን ጥሎ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ስለሚወጣ፣ ከጭራው ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ የእግር መንገዱን ማየት በሚያስችለው በኩል ይቁም።